ግማሽ አንቀጽ

ሕግ ተምሬያለሁ ስል ለብዙ ጊዜ የአንቀጽ ቁጥር አውቃለሁ ማለቴ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 3,367 ቁጥሮች አሉት። ከእነሱ ውስጥ ለፈተና ይመጣሉ የተባሉትን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣቸው ነበር። መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ እጄን አወጣለሁ፤ ቁጥሩን ከነንዑስ ቁጥሩ እጠራለሁ፤ የክፍል ጓደኞቼ ዞር ብለው ያዩኛል። መታየቱ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ ውጤት የሚያመጣው ሽምደዳ መሆኑን ቶሎ ነቃሁበትና ሌላ የመማሪያ መንገድ ይኖር እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ተመረቅሁ። ሕግ ያልተማረ አንባቢም በራሱ ሙያ እንዲህ ያለ ዘመን ሳያሳልፍ የቀረ አይመስለኝም።

እንደተመረቅሁ ወደ ተወለድሁባት ሞጣ ተመለስሁና አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ምክር በሚሰጥበት አንድ ክፍል ውስጥ ሥራ ጀመርሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የባለጉዳይ መመዝገቢያ ደብተር፣ ጥቂት የሕግ መጻሕፍት። በገበያ ቀን አግዳሚው አይበቃም። ከዓባይ በረሃ ሌሊት ተነሥተው የመጡ ሰዎች በሩ ጥግ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ። ሰነድ ያለው ሰው ከጋቢው ሥር ፌስታል ያወጣል፤ ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱን ሳይ ፊቴ ይፈታል። ወረቀት የሌለው ሰው ሲመጣ ግን ጉዳዩ ሳይጀመር ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መጡ። ነገራቸውን የጀመሩት ከሩቅ ነው፤ ከሰባራ ድልድይ። እኔ ደግሞ ደጅ ብዙ ሰው ይጠብቀኝ ስለ ነበር፣ «አባቴ፣ ዋናውን ይንገሩኝ» እያልሁ አቋርጣቸዋለሁ። ለእሳቸው ዋናው እሱ ነበር። ከሞጣ ወደ ጎንደር በኩል በሚያሻግረው መንገድ ዓባይ ላይ ያለው ይህ የድንጋይ ድልድይ የዐፄ ፋሲል ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ቅስቱ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ለረጅም ዘመን ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲህና በወዲያ በቆሙ ጎበዞች እየተሳበ ነበር ክፍተቱን የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚህን አሻጋገር ፎቶግራፍ መጽሔት ላይ አይቶ መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር ጠገነው፤ ጥገናውን ደራሽ ውኃ ወሰደው፤ ኋላ እግረኛ የሚሻገርበት ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሽማግሌው በጉልምስናቸው ወዲህ ማዶ ገመድ ከሚይዙት አንዱ ነበሩ። ወዲያ ማዶ ከሚይዙት ከአንዱ ጋር ደግሞ አበ ልጅ ሆኑ። ያ አበ ልጃቸው በሬ ሞቶበት ሲቸገር ሞጣ ገበያ ላይ 6 ሺህ ብር ቆጥረው ሰጡት። መመለሻው ጊዜ አለፈ። ሽማግሌ ሰደዱ፤ የሰውየው ልጆች አስገብተው አላነጋግር አሉ።

«ውል ተጻጽፋችኋል?» አልኋቸው።

«ከአበ ልጅ ጋር?»

«የፈረመ ምስክርስ?»

«ኧረ ምን ምስክር! እግዜር አለ። ሚስቴ ስቆጥር አይታለች።»

እኔ በዚህ ጊዜ በልቤ ቁጥር 2472 ላይ ደርሻለሁ። ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ በጽሑፍ ካልሆነ አይረጋገጥም። ይህንኑ ነገርኋቸው፤ በሕግ የሚሆን ነገር የለም አልኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ እሱ እኮ አይክድም። ዳኛ ፊት ጠርታችሁ ጠይቁልኝ» አሉ። «አባቴ፣ ሕግ እንደዚያ አይሠራም» ብዬ መለስሁላቸው። ደብተሩ ላይ «የጽሑፍ ማስረጃ የለም፤ ተመክረው ተመልሰዋል» ብዬ ጻፍሁ። ጽሑፌ ያምር ነበር። ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፤ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራሁ።

ለምሳ ስወጣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንድ ራፖር ጸሐፊ አጠገብ ተቀምጠው አየኋቸው። ሰውየው ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጉልበቱ ላይ ጣውላ አድርጎ፣ በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን አስገብቶ የሚጽፍ ሰው ነው፤ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ብዕሩን ጣውላው ላይ አስቀምጦ ያዳምጣቸዋል። ከምሳ ስመለስም ገና አልጻፈም፤ ይጠይቃቸዋል። ብሩ የት ተቆጠረ? ምን ተባብላችሁ? ቀኑ ከየትኛው በዓል በፊት ነው? ተከሳሹ ሚስትህ ባለችበት ወሰድሁ ብሎ ያውቃል? አለፍሁ። ድሀን እያስከፈለ ከንቱ ክስ ሊጽፍ ነው ብዬ አዘንሁ፤ በእሱ ላይ።

ጉዳዩ በተሰማ ዕለት በሌላ ባለጉዳይ ምክንያት እዚያው ችሎት ነበርሁ። ብሩ የተሰጠው ሞጣ ስለ ነበር ክሱ ሞጣ ቀርቧል፤ አበ ልጁም መጥሪያ ደርሶት ዓባይን ተሻግሮ መጥቷል። የክሱ መጨረሻ ላይ ራፖር ጸሐፊው «ተከሳሽ በችሎት ቀርቦ በቃሉ ይጠየቅልኝ፤ ከካደም ይማልልኝ» የሚል መስመር ጨምሮበታል። ዳኛዋ ክሱን አነበቡና፣ «የተባለውን ገንዘብ ወስደዋል ወይስ አልወሰዱም?» አሉ። ሰውየው ኩታውን ከትከሻው አወረደ። «ወስጃለሁ። አልክድም። ያስቸገረኝ መክፈያው ነው፤ በልጆቼም ሥራ አፍራለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው አከፋፈሉ ነበር፤ እኩሌታው ከመኸር በኋላ፣ እኩሌታው ለፋሲካ ተባለ። የችሎቱ ሰው ትንፋሹን ሳይመልስ ሌላ መዝገብ ተጠራ።

ሽማግሌው ሲወጡ አዩኝ። «ደኅና ነህ ልጄ?» አሉኝ። ነገሬ ያለማለታቸው ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ቁጥር 2472ን ገለጥሁ።  ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተከሳሹ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጠው የእምነት ቃል፣ ወይም በችሎት በሚፈጸም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። አንቀጹ ሦስት በር ከፍቷል። እኔ አንዱን ብቻ ሸምድጄ ሁለቱን ሽማግሌው ፊት ዘጋኋቸው። «ጠርታችሁ ጠይቁልኝ» ሲሉኝ የነገሩኝ የአንቀጹን ቀሪ ግማሽ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም ዳኛው በመጀመሪያው ቀጠሮ ግራ ቀኙን ጠይቆ የታመነውንና የተካደውን እንዲለይ ያዝዛል፤ በዚያ ኮርስ ጥሩ ውጤት ካመጡት አንዱ ነበርሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት የማሳብበው ሰው መፈለግ ነው። ሃንድአውት አስነብቦ ሃንድአውት የሚፈትነውን አሠራር ወቀስሁ፤ ወቀሳው ከነጭራሹ ሐሰትም አይደለም። ግን ከእኔ ጋር እዚያው ክፍል የተቀመጡ፣ ያንኑ ሃንድአውት ያነበቡ፣ ሰው ማዳመጥ ግን ያልረሱ ጓደኞች ነበሩኝ። እነሱ ለኤክስተርንሺፕ ፍርድ ቤት ሲላኩ ከባለጉዳይ ጋር አግዳሚ ላይ ይውሉ ነበር። እኔ መዝገብ ቤት ጥግ ተቀምጬ ለመውጫ ፈተና ሳጠና ከረምሁና የተግባር ልምምዴ ተፈረመልኝ።

ከዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ስገባ ይህ ነገር አብሮኝ ገባ። ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለመመረቂያ ጽሑፌ ሳይሆን ለራሴ ስል አገራችን ሕግ ማስተማር እንዴት እንደ ጀመረች ማንበብ ያዝሁ። የሕግ ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል ከአሜሪካ ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ አሜሪካውያን፣ ከረዳቶቹም ዋነኛው ፎርድ ፋውንዴሽን። ሁኔታው ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን በ1949 ዓ.ም. ያረቀቁት ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ናቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን በ1952 ዓ.ም. ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ። የአውሮፓ ሕግ፣ አሜሪካዊ መምህር፣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ። በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ የሚከራከር ጠበቃ የተፈጠረው በዚያን ጊዜ ነው፤ ዛሬም ያው ነን።

እነዚያ መምህራን ሲመጡ ለክፍል የሚሆን መጽሐፍ አላገኙም። የታተመ የፍርድ ስብስብም አልነበረም። ስለዚህ ውሳኔዎችን ከየፍርድ ቤቱ መሰብሰብ ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት መታተም ሲጀምር ፍርዶቹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጡበት። ሮበርት ሴድለር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓትን፣ ስታንሊ ፊሸር የወንጀል ሥነ ሥርዓትን መጽሐፍ አዘጋጁ። አባ ጳውሎስ ፃድዋ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በፒተር ስትራውስ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተሙ። የድሮ ተማሪዎች ሲያወሩ የሰማሁት ደግሞ ስለ አስተማሪዎቹ ጥያቄ ነው። ተማሪው አንድ ፍርድ አንብቦ ይመጣል፤ መምህሩ ተነሥ ይለዋል፤ ምን ሆነ? ማን ከሰሰ? ዳኛው ለምን እንዲህ አለ? ብሩ 400 ቢሆንስ ኖሮ? መልስ የሚባል ነገር ሳይሰጥ ሰዓቱ ያልቃል።

ይህ አጠያየቅ ከየት እንደ መጣ ስፈልግ አሜሪካ ወሰደኝ። እዚያ ድሮ ሕግ የሚማረው ጠበቃ ቤት ገብቶ ሰነድ እየገለበጠ፣ መጽሐፍ እየተዋሰ ነበር፤ አብርሃም ሊንከን ብቻውን አንብቦ ነው ጠበቃ የሆነው። ኮኔቲከት ውስጥ ታፒንግ ሪቭ እ.ኤ.አ. በ1784 የጀመሩት የሊችፊልድ ትምህርት ቤት በንግግር ያስተምር ነበር፤ ተማሪው የተነገረውን ይጽፋል። በ1870 ክሪስቶፈር ላንግዴል የሐርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆኑና ማስጻፉን ትተው ተማሪው ራሱ ፍርዱን አንብቦ እንዲጠየቅ አደረጉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ አልወደዱትም፤ ከክፍላቸው የቀሩ ብዙ ነበሩ። ቆይቶ ግን የአገሩ ሁሉ ማስተማሪያ ሆነ።

ይህን ሳነብ በንዴት ተሞላሁ። እንዲህ ብማር ኖሮ እያልሁ ወደ ሞጣው ቀን ተመለስሁ። ቀጥዬ ያነበብሁት ግን ንዴቴን ሰበረው። ጄሮም ፍራንክ የተባሉ፣ ኋላ ዳኛ የሆኑ አሜሪካዊ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1933 በጻፉት ጽሑፍ የላንግዴልን መንገድ አጥብቀው ነቀፉ። ተማሪው የሚያነበው የይግባኝ ፍርድ ብቻ ነው፤ በዚያ ፍርድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተጣርቶ አልቋል። ባለጉዳዩ ሲንተባተብ፣ ምስክሩ ሲረሳ፣ ጠበቃው የትኛውን ጥያቄ ልጠይቅ ብሎ ሲጨነቅ አያይም። ሐኪም በሽተኛ አጠገብ እንደሚማር ሁሉ የሕግ ተማሪም ባለጉዳይ አጠገብ ይማር አሉ። ሐሳባቸው በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ቆይቶ በ1960ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያው ፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ አውጥቶ ተማሪዎች በመምህር ተመርተው ድሆችን የሚረዱባቸው ክሊኒኮች በየትምህርት ቤቱ ተከፈቱ። ራሴን ሳልዋሽ ስመረምር ላንግዴል በግላቸው ቢያስተምሩኝም ሽማግሌውን አልሰማቸውም ነበር። የይግባኝ ፍርድ ላይ ሰባራ ድልድይ አይጻፍም።

ሽማግሌው ግን ከየት ተማሩ? ለዚህ መልስ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። አባቶቻችን ዛፍ ሥር ሲሟገቱ ነገር የሚጀመረው ባላጋራን ፊት ለፊት በመጠየቅ ነው። ተጠየቅ ይባላል፤ የተጠየቀው ያምናል ወይም ይክዳል፤ ከካደ በላ ልበልሃ ይከተላል፣ ውርርዱ ይመጣል፣ መሐላው ይመጣል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማል፤ ልጅ ያንን ሲሰማ ያድጋል። ሽማግሌው በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ሙግት ሰምተው ያደጉ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3347 ቀድሞ ሲሠራበት የነበረውን ልማድ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ሽሮታል፤ የመጠየቁን ልማድ ግን እዚያው ብድሩ አንቀጽ ውስጥ፣ እኔ ባላነበብሁት ግማሽ ላይ እናገኘዋለን።

ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ብዙው አንባቢ ከፍቅር እስከ መቃብር ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ለሥራ ቢቸና ሄጄ እዚያው ዲማ አንድ የጉባኤ ቤት መምህር ዘንድ አመሸሁ። ፍትሐ ነገሥትን ያወቁ ናቸው። መጽሐፉን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዓረብኛ ያዘጋጀው ኢብን አል-አሳል የተባለ ግብፃዊ ሊቅ ነው፤ ኋላ ወደ ግእዝ ተመልሶ 51 አንቀጽ ይዞ እስከ ዘመናዊው ሕግ ድረስ አገር ዳኝቶበታል። እንዴት እንደሚያስተምሩት ጠየቅኋቸው። ንባቡን ተማሪው ይዞ ይመጣል፤ ትርጓሜውን መምህሩ ያወርዱለታል፤ ከዚያ «እንዲህ ቢሆንስ?» እያሉ ይይዙታል። ሲይዙት ደግሞ የሰፈሩን ነገር ያነሣሉ፦ የድንበሩን፣ የውርሱን፣ የአበ ልጁን ብድር። እኔንም ያዙኝ። ባል ሞቶ ሚስት ብድሩን ባታውቅስ? አሉኝ። ቁጥር ልጠራ አፌን ስከፍት፣ «ቁጥሩን ተወውና መጀመሪያ ሴትዮዋን ምን ብለህ ትጠይቃታለህ?» አሉ። ያን ምሽት ከአምስት ዓመቱ ትምህርቴ ጋር የማስተያየው ብዙ ነገር አገኘሁ።

ዛሬ የሕግ ትምህርት ብዙ ተሻሽሏል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ተማሪው የአገሩን ፍርድ በቅጽ በቅጹ ያነብባል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ከፍተው ተማሪን ከባለጉዳይ ጋር ያገናኛሉ። እኔ ዘንድም ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ልጆች አሉ። ባለጉዳዩ ተናግሮ ሳይጨርስ መጽሐፍ መግለጥ አይፈቀድም ስላቸው ፊታቸው ይጨልማል። ቁጥሩ ከንፈራቸው ላይ መጥቶ ሲይዙት አያለሁ። አውቀዋለሁ ያንን ፊት። አሁንም ይመጣብኛል፤ ሰው ሲያወራ ከመካከል አንድ ቁጥር ብልጭ ይልብኝና የቀረውን ሳልሰማው እቀራለሁ። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና አስነግራለሁ።

ያን የድሮ መመዝገቢያ ደብተር ፈልጌ አገኘሁት። «የጽሑፍ ማስረጃ የለም» የሚለው ጽሑፌ ከገጽ ገጽ ይደጋገማል። በገበያተኛ፣ በቀበሌ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው ላክሁ። አንዳንዱ በሽምግልና ጨርሷል። አንዳንዱ ሞቷል። አንዱ፣ «ያን ጊዜ አይሆንም ያልኸኝ አንተው አይደለህ?» ብሎ ስልኩን ዘጋው፤ እውነቱን ነው።

አንዲት ሴት ግን መጣች። ያኔ ሞጣ ነበረች፤ አሁን ቢቸና ልጇ ዘንድ ትኖራለች። ሟች ባሏ ለአንድ ነጋዴ ገንዘብ አበድሮ ነበር፤ ወረቀት የለም፤ እኔ መልሻታለሁ። በቁጥር 1845 የተወሰነው የዐሥር ዓመት ይርጋ በዚህ መካከል አልፏል። ያለፈው በእኔ ምክር ነው፤ ይህንንም ነገርኋት። ከዚያ የሚቀጥሉትን ቁጥሮች እስከ 1856 ድረስ አብረን አነበብናቸው። ይርጋውን ዳኛው በራሱ አያነሣውም፤ ባለዕዳው ራሱ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ካልተከራከረ ክሱ ይሰማል። ይህን ያለ እንደሆነ ግን ክሱ ይወድቃል፤ የተመላለሽበትም ድካም በከንቱ ይቀራል አልኋት።

«ይላል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አልኋት።

«እኔ እንጃ። ባሌ ሲሞት ሬሳ ተሸክሟል። ዓይኔን እያየ ይላል አልልም» አለች። ነጠላዋን አጠበቀችና፣ «እስቲ ይጠየቅ» አለች።

ነጋዴው ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ብሩን ሲወስድ ምን እንዳለ፣ ከቀብሩ በኋላ ስለ ዕዳው አንሥቶ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃት አመሸን። ክሱን በማግስቱ ጻፍነው፤ የዳኝነት መክፈያ ስለሌላት በደኃ ደንብ እንዲታይላት አመለከትን። ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው።